እርቁን ተዉት፣ ለምስክርነት ቁሙ

ይህ ጥሪ አስቀድሞ ለሽማግሌዎች ነው። በየሰፈሩ ስማቸው ለሚከበር፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሰው ቤት ሲገቡ ጠብ ለሚበርድላቸው፣ እድር ለሚመሩ፣ ልጅ ለሚድሩ ሰዎች። መንግሥት በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለመቀነስ ያወጣው ሕግ፣ ያቋቋመው መሥሪያ ቤት፣ የከፈተው ችሎት ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በእነሱ ደጅ ነውና። ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው ችሎት ፊት ቀርቦ አይደለም፤ ከዚያ በፊት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ቡና ላይ ነው።

አካሄዱን የማያውቅ የለም። አንዲት ልጅ ትደፈራለች ወይም ትጠለፋለች። ዘመድ ይንጫጫል፣ ጣቢያ ይኬዳል፣ ተጠርጣሪው ይያዛል። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ፣ ማታ ላይ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አንዳንዴ የተጠርጣሪው ዘመዶች ድንጋይ ተሸክመው ደጃፍ ላይ ይንበረከካሉ። አባት ፊቱን ያዞራል፣ «አልሰማም» ይላል፤ ሽማግሌዎቹም እስኪበርድለት መጠበቅ ያውቁበታል። ከዚያ ወሬው ቀስ እያለ ከልጅቱ ይርቃል። ስለ ቤተሰቡ ስም፣ ስለ ጉርብትናው፣ «ገና ወጣት ስለሆነው» ልጅ ዕጣ ፈንታ ይሆናል። ካሳ ይቆረጣል። እሷ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ሁሉም ካለቀ በኋላ ትጠራና «ይቅር ብያለሁ በይ» ትባላለች። በቀጠሮው ቀን ምስክሮች አይገኙም፤ የተገኙትም «በዓይኔ አላየሁም» ይላሉ። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ያጣል፣ መዝገቡ ይዘጋል፣ ሰውየው በዚያው መንደር፣ በዚያው መንገድ ይመላለሳል።

ሽምግልናን ልንቅ አልተነሣሁም። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ያስታረቀ፣ ፍርድ ቤት ለዓመታት ሲያንከባልለው የኖረውን የድንበር ክርክር በአንድ ቅዳሜ የጨረሰ ሥርዓት ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የሚታረቁት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፤ የተጠቃችው አንዲት ሰው ናት፤ እሷ ደግሞ ሸንጎው ላይ የለችም። ሕገ መንግሥቱ በባህልና በሃይማኖት መዳኘትን የሚፈቅደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጋችን የግል አቤቱታ የሚጠበቅበት ወንጀል አይደለም። አባት ይቅር ስላለ የሚቀር ክስ የለም ማለት ነው። ክሱን የሚያስቀረው የምስክር መጥፋት ነው፤ ምስክሩን የሚያጠፋው ደግሞ እርቁ።

በአንድ ወቅት ሕጉ ራሱ ከዚህ ሥርዓት ጋር ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ በር ከፍቶለት ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ልኮ ማግባት ለጠላፊው የወንጀል መሸሸጊያም ነበር። በ1989 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። ማኅበሩን የመሠረቱት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም ያቺን የማምለጫ በር ዘጋት፦ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም። ሕጉ መንገዱን ቀይሯል። የእኛ ሳሎን ግን ዛሬም የ1949ኙን ሕግ የሚያነብበት ጊዜ ብዙ ነው።

መንግሥት የሠራውን መካድ አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን ይከለክላል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ የነበረውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ ሽሮ ትዳርን የሁለት እኩል ሰዎች አደረገው፤ የጋብቻን ዕድሜም ለሁለቱም 18 አለ። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። በ2011 ዓ.ም. ከካቢኔው ግማሹ ሴቶች ሆኑ፤ ሣህለወርቅ ዘውዴም ርዕሰ ብሔር ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ ደስ ያሰኛል፤ ፎቶውም ያምራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለገጠሯ ሴት የበለጠ የሠራላት ሌላ ፎቶ ነው፦ በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ከባሏ ጎን የተለጠፈው የራሷ ጉርድ ፎቶ። ያ ደብተር ሳጥን ውስጥ እስካለ ድረስ «ከቤቴ ውጪ» የሚለው ማስፈራሪያ ጉልበቱ ይቀንሳል። ብትፋታም ድርሻዋን ይዛ ነው። የምትታገሠው መሄጃ ስለሌላት ከሆነ፣ መሄጃ ማለት መጀመሪያ ያ ደብተር ነው።

አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈተው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም እንዲሁ ሊነገርለት ይገባል። ቀድሞ የተጠቃች ሴት ከሐኪም ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ ስትመላለስ በየደረሰችበት ታሪኳን እንደ አዲስ ትናገር ነበር። እዚያ ሐኪሙም፣ መርማሪውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተከፍተዋል። ፍርድ ቤቶችም ሕፃናት ተበዳዮች ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ ቃላቸውን የሚሰጡበትን አሠራር ጀምረዋል። ይህን ያሰበ ሰው ልጅ ያለው ሰው መሆን አለበት።

ታዲያ ማዕከሉ ማንን ያገለግላል? የመጣችውን። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል 66 በመቶው ርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ለእናት እንኳ። ያው ዳሰሳ ሌላም ነገር አሳይቷል፦ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። ይህን ይዞ «ሴቶች ራሳቸው ይወዱታል» የሚል አይጠፋም። እኔ የማነብበው በሌላ መንገድ ነው። ሴቷ የተናገረችው ያስተማርናትን ነው፤ ወጥ ሲያርር፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ ሳታስፈቅድ ስትወጣ ምን እንደሚከተል ከእናቷ ቤት ጀምሮ አይታለች። ደግሞም ቁጥሩ ከ1997ቱ ዳሰሳ 81 በመቶ ነው ወደ 63 የወረደው። የሚንቀሳቀስ ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥሪ ለጎረቤት ነው፤ ለዚያች መጀመሪያ ለምትሰማው፣ ለዚያ መጀመሪያ ለሚያየው። ግድግዳችን ስስ ነው። የኮንዶሚኒየም ኑሮ የጎረቤትን ሳል እንኳ ያሰማል። ጩኸት ሲሰማ ቴሌቪዥን ከፍ የምናደርግ፣ ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ያበጠውን ዓይን እንዳላየን «ደህና አደርሽ» ብለን የምናልፍ ሰዎች ብዙ ነን። «የባልና ሚስት ጠብ ነው፣ ነገ ይታረቃሉ፣ እኛ ነን የምንጣላ» እንላለን። አንኳኩ። ስኳር ልትበደሩም ይሁን። በሩ ሲንኳኳ የሚቆም ዱላ አለ። ካልቆመ ወደ 991 ደውሉ። ፖሊስ መጥቶ «ማን ደወለ?» ሲል አትሸሸጉ፤ ያያችሁትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። ፍርድ ቤት «አንድ ቀን ሲጮሁ ሰማሁ» ከሚል ሰው ይልቅ «ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ» የሚል ሰው ይጠቅመዋል።

የተደፈረች ልጅ ወይም ሴት ወደ እናንተ ከመጣች ደግሞ ሰዓቱ ይቆጥራል። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። እርግዝና የሚከላከለው መድኃኒትም እስከ አምስት ቀን ድረስ ቢሠራም በየሰዓቱ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። የመጀመሪያው ደመ ነፍሳችን ልጅቱን አጥቦ፣ ልብሷን ዘፍዝፎ፣ ሻይ አጠጥቶ ማስተኛት ነው። እናትነት ነው፤ ግን ማስረጃውን በውኃ መድፋት ነው። ሳትታጠብ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ላስቲክ ውስጥ ካሰራችሁት ይሻግታል። «ለምን በዚያ ሰዓት ወጣሽ?» የሚለውን ጥያቄ ለራሳችሁ አስቀሩት። «አምኜሻለሁ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» ማለት ይበቃል፤ ከዚያም በእውነት አብሮ መሄድ። ለታክሲ መክፈል። በረንዳ ላይ ተራ መጠበቅ። በቀጠሮው ቀንም ሥራ አስፈቅዶ መገኘት።

ሦስተኛው ወገን ካህኑና መምህሩ ናቸው፤ ጉዳዩም ያለዕድሜ ጋብቻ። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ሲባል ፍርድ ቤት የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?» የሚል ነው። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ በዚያው ዓመት ዳሰሳ ልደታቸው የተመዘገበላቸው ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። አባት «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ይላል፤ ሐኪም ጥርሷን አይቶ፣ ቁመቷን ለክቶ ይገምታል። ግምት ደግሞ ለሁለቱም ወገን ይመቻል። በክርስቲያኑ መንደር ዕድሜዋን ያለግምት የሚያውቅ አንድ ሰው ግን አለ፦ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣት ቄስ። የቤቱ የንስሐ አባት ሆኖ በየበዓሉ ጠበል የረጨው እሱ ነው። «ልጄ፣ ይህች ልጅ የተጠመቀችው በዚህ ዓመት ነው፤ አልደረሰችም፣ አልባርክም» ቢል ድግሱ እዚያው ይቆማል። ሙስሊሙም ሰፈር ኒካሕ የሚያስረው ሼኽ ልጅቱን ከአራስነቷ ጀምሮ ያውቃታል። መምህሩ ደግሞ የስም መጥሪያውን ይዟል። ጥርና ከፋሲካ ወዲህ ያሉት ሳምንታት ሲደርሱ ከሰባተኛ ክፍል የምትጎድለው ልጅ የት እንደሄደች ይጠርጥር። ሠርጉ ተዝካር ወይም ማኅበር ተብሎ ሊሸፈን ይችላል፤ ለታላቅ እህት በተጣለው ዳስ ታናሺቱም አብራ ትዳር ይሆናል። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት መናገር ያለበት ድግሱ ከመጠንሰሱ በፊት ነው። ጌሾ ከተወቀጠ በኋላ ማስቆም አባትን ያስከስረዋል፤ የከሰረ አባት ደግሞ በሌሊት ይድራታል።

እንዲህ ያለው ነገር በማስፈራራት ብቻ እንደማይሄድ ከአማራ ክልል የሞሰቦ ቀበሌ መማር ይቻላል። በ1996 ዓ.ም. እዚያ የተጀመረው «ብርሃን ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ወላጆችን ስለ ሕጉ ብቻ እየሰበከ አልተመለሰም። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ አቀረበ፣ እየተሰበሰቡ የሚመካከሩበት ቡድን አደራጀ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም በሕዝብ ፊት ከአንዲት በግ ወይም ፍየል ያልበለጠ ስጦታ ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ጥናት ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ የመዳር ዕድሉ ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛ ያህል ሆነ። ደስ ሲል! ግን ያው ጥናት ሌላውንም አልደበቀም፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት በዚያው ቀበሌ ይበልጡኑ ተድረው ተገኙ። ጋብቻው ቆየ እንጂ አልቀረም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ደብተር በቂ ነው፤ ለአሥራ ስድስቷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ያስፈልጋታል። ይሄ የቄሱም የሽማግሌውም ሥራ አይደለም፤ የመንግሥት በጀት ነው።

ሽማግሌዎች አይለወጡም የሚል ካለ ከምባታን ይይ። በዚያ አካባቢ የተወለዱት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ተመልሰው ማኅበር ሲመሠርቱ የሴት ልጅ ግርዛት የአገሩ ልማድ ነበር፤ ያልተገረዘችን ለጋብቻ የሚጠይቅ አልነበረም። እሳቸው መጀመሪያ ያነሡት ስለ ግርዛት አልነበረም፤ ሕዝቡ የሚያስፈልገውን ጠየቁ፣ ድልድይ ሲሉት ድልድይ አሠሩ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ገራዧ ሳትቀር በአንድ ቦታ እየተቀመጡ ለወራት የሚነጋገሩበትን መድረክ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ ያልተገረዘች መሆኗን የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ ለጥፋ በአደባባይ ተዳረች፤ ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ለጥፎ ከጎኗ ቆመ። ብዙ ሕዝብ መጥቶ አየ። ግርዛት ይቀጥል የሚለው ሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ 97 በመቶ የነበረው በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ይህን ያደረገው ቅጣት አይደለም። ቅጣቱማ ምን አለውና! የወንጀል ሕጉ ለግርዛት ያስቀመጠው ዝቅተኛ መቀጮ 500 ብር ነው፤ ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። የለወጠው ስለ ልጆቻቸው ጋብቻ የሚወስኑት ሰዎች በአንድ ላይ፣ እየተያዩ፣ ቃላቸውን መቀየራቸው ነው። አንድ አባት ብቻውን ቢወስን ልጁ ባል ታጣለች ብሎ ይፈራል፤ መንደሩ በሙሉ ሲወስን የሚያስፈራ ነገር አይኖርም።

ለመንግሥት ያለኝ ጥሪ ከሌሎቹ አያንስም። የወንጀል ሕጉ አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጪ» የሚለውን ሐረግ አስገብቷል፤ በዚህም ሚስትን ከዚህ ጥበቃ አስወጥቷታል። ይውጣ። በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ራሱን የቻለ ሕግ፣ በተለይ ባልየው ለጊዜው ከቤት እንዲርቅ ወዲያውኑ የሚያዝዝ የጥበቃ ትእዛዝ ያስፈልገናል። ዛሬ ልጆቿን ይዛ የምትወጣው የተመታችው ናት። ስትወጣም የምትገባበት ማረፊያ በአብዛኛው እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ባሉ አገር በቀል ድርጅቶች ትከሻ ላይ ያለ ነው፤ የውጭ ዕርዳታ ሲጎድል አልጋውም ይጎድላል። ለማረፊያ ቤት በክልልና በከተማ አስተዳደር በጀት ውስጥ መስመር ይከፈትለት። «ሂዱና ታረቁ» ብሎ ከሳሽን ከጣቢያ የሚመልስ ፖሊስም ሽማግሌ እየሆነ ነውና ይጠየቅበት።

ከሁሉ የከበደውም አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተደረገው ጦርነት ሴቶች ተደፍረዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጋራ ባወጡት ሪፖርት ጥፋቱ የአንድ ወገን አልነበረም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለእነዚህ ሴቶች ቃል ገብቷል። መንደር ውስጥ ያለውን እርቅ የምንነቅፈው የተጠቃችውን ሳይጠይቅ ስለሚዘጋ ከሆነ፣ በአገር ደረጃ የሚደረገውም እርቅ በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። የለበሰው ዩኒፎርም የማንም ይሁን የማን፣ ደፋሪ ይከሰስ። ሴቶቹ ደግሞ ሕክምናና ካሳ ከፍርዱ በፊት ይድረሳቸው፤ ፍርዱ ይዘገያልና።

አሁን ወደ እድር ልመለስ፤ ምክንያቱም ሕግ እስኪሻሻል ሳይጠብቅ ዛሬ ሊደረግ የሚችለው እዚያ ነው። እድር ደንብ አለው፣ ሊቀ መንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጡሩንባ ነፊ አለው፤ ቀብር ቀረ ብሎ አባሉን ይቀጣል። ስለዚህ መቅጣትም፣ መርዳትም ያውቃል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት አንቀጽ ጨምሩ። በመድፈር፣ በጠለፋና ልጅን ያለዕድሜ በመዳር ጉዳይ የእድሩ ስም ተጠርቶ ሽማግሌ አይላክም። ለተጠቃች ሴት የሕክምናና የፍርድ ቤት መጓጓዣ ከእድሩ ሳጥን ይከፈላል፤ ባል ብቻ ተመዝግቦ ከሆነም ሚስት በራሷ ስም ትጠይቃለች። ለምስክርነት የተጠራ አባል በዚያ ቀን ከእድር ሥራ ነጻ ነው፣ ሁለት አባላትም አብረውት ይሄዳሉ። የምስክርን ወንድም የሚያስፈራራ ሰው ሲኖር ብቻውን የቆመ ሰው ይፈራል፤ ከኋላው እድር ያለው ሰው ግን ቀጠሮውን አይቀርም።

በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት የሚወገዝበት የነጭ ሪባን ቀን ኅዳር 16 ይውላል፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 1 ያሉት አሥራ ስድስት ቀናት በየዓመቱ በአዳራሽ፣ በቲሸርትና በንግግር ይከበራሉ። ዘንድሮ በየሰፈሩ ያለው የእድር ስብሰባ ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ይጠራ። የጸሐፊው መዝገብ ላይ አጀንዳው ቀድሞ ይግባ፤ የወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ትጋበዝ፤ የጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት መርማሪ ስልክ ቁጥሩን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ሴቶቹ ደግሞ ወጥ ቤት አይዋሉ፣ ወደ ስብሰባው ይግቡ። የዚያን ቀን ቡናውን ወንዶቹ ያፍሉት።